አራቱ የቦሎ ጎማዎች

ሰው ይከፍላል፤ መኪናም ለብቻዋ ትከፍላለች። ባለፈው ሰሞን አዋሽ አጠገብ ባለው ፓርክ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ወጣት ይህን ሲነግረን፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ጓደኛዬ ኢብሮ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አቦ፣ መኪናም አውሬ ታያለች እንዴ?» አለ። ወጣቱ ጨዋ ነው፤ አልተቆጣም። «አባት፣ ደንቡ ነው። ትንሿ መኪና ትንሽ፣ ትልቋ ትልቅ ትከፍላለች። መንገዱን የምታርሰው እሷ ናት» አለው። ኢብሮ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። «እንግዲያው ለእኔና ለመኪናዋ አንድ ላይ ቁረጥልን፤ ሁለታችንም አናይም» ሲል መኪናው ውስጥ ያለነውን ሁሉ አሳቀን። ወጣቱም ሳቀ።

ያመጣችን ልጄ ሐዊ ናት። እኔና እናቷ ጽጌ የተጋባንበትን ቀን አስታውሳ፣ በራሷ መኪና ልታዝናናን አስባ ነው። ጽጌ «ኢብሮ ከሌለበት እኔም የለሁበትም» ስላለች ኢብሮንም ከቤቱ አንስተን በጠዋት ከጭሮ ወረድን። ሚኤሶን፣ አሰቦትን አልፈን ቦርደዴ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ የሐዊ መኪና ግን መስኮቷን ዘግታ ቀዝቃዛ አየሯን እየነፋች ምንም ሳይመስላት አለፈች። የእኔዋ ላንድሮቨር በዘመኗ ቦርደዴ ላይ ውሃዋ ሳይፈላ ያለፈችበትን ቀን አላስታውስም። ሐዊ እኔን አባቷን «አንቱ» እያለች ነው ያደገችው። ኢብሮን ግን «አንተ» ትለዋለች፤ አዴራ ብላ ነው የምትጠራው፣ በኦሮምኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ድሮ ድሮ ትንሽ ይቆጨኝ ነበር፤ ለመድኩት።

ወጣቱ የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ የተለጠፈችውን ቦሎ አይቶ ራሱን ነቀነቀና፣ «ውስጡ ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብም ጥሎበታል። ያለቀ ጎማ አናስገባም። ተራችሁ ሲደርስ ጎማችሁን አያለሁ» ብሎን ወደ ሌላው መኪና ሄደ። «ጎማችሁን አያለሁ።» ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው! ከፊታችን ብዙ መኪና ተሰልፏል። ሐዊ ሞተሩን አጠፋች፣ ጽጌ ከቅርጫቷ ሙዝ አውጥታ አደለችን፤ እኔም ሙዜን እንደያዝኩ ወደ አሰበ ተፈሪ ተመለስኩ።

ያኔ ጭሮ የሚላት በአብዛኛው የገጠሩ ሰው ነበር፤ እኛ የከተማዎቹ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። መንግሥት ተለውጦ አቧራው ገና ያልሰከነበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ሻይ በስሙኒ እንደነበረ ግን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ሳንቡሳዋም እንደ ዛሬዋ በአየር የተነፋች ሳትሆን ምስሯ እስከ ጥጓ የጠቀጠቀ ነበረች። ወንዱ በሽርጥ ላይ ኮት ደርቦ ገበያ ይወጣል፤ ሴቶቹ ብርቱካናማና አረንጓዴ ሻሻቸውን አስረው ከጋራው ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ ያምር ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ኮንጎ ጫማውን ያጠልቃል፤ ጭቃው አንዱን እግር ይዞ ያስቀርና ባለቤቱ ባንድ እግሩ እየነጠረ ይጎትታል። ዛሬ ያ ጥግ ኮብልስቶን ተነጥፎበት ባጃጆች ክላክስ ይነፋፉበታል፤ መሻሻሉን አልጠላሁትም፤ ሳንቡሳዋን ግን መልሱልኝ እላለሁ። በመኪናዬ ውስጥ አንዲት ካሴት የምትበላ ቴፕ ነበረችኝ። እኔ የወንጌላውያን ልጅ ነኝ፣ መዝሙር እወዳለሁ፤ ኢብሮ ደግሞ የኦሮምኛ ዘፈን ካልሰማ ጉዞ ጉዞ አይመስለውም። ስለዚህ ውል ነበረን፤ ዳገቱ ላይ የእኔ መዝሙር፣ ቁልቁለቱ ላይ የእሱ ዘፈን። «ዳገቱን ጌታህ ያውጣን፤ ቁልቁለቱን እኔ አውቅበታለሁ» ይለኝ ነበር።

ከአስፋልቱ ወደ ደቡብ ተገንጥሎ በበዴሳና በገለምሶ በኩል መቻራ የሚወስደው መንገድ ያኔ መንገድ መባሉ ለወጉ ነው። በበጋ አቧራው ሰው ከሰው አያስለይም፣ በክረምት ጭቃው መኪና ይውጣል። ክረምት ሲገባ የጭነት መኪኖቹ ገለምሶ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ የሚደፍሩት አራቱም ጎማቸው የሚጎትት የአራት ሰዎች አራት አሮጌ መኪኖች ብቻ ነበሩ። አንዷ የእኔ ላንድሮቨር ናት፤ አንድ ድርጅት ሲሰለቻት በጨረታ ያነሳኋት። ሁለተኛዋ አባቱ ያወረሰው የኢብሮ ቶዮታ ናት፤ ኢብሮ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወዳት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀድማ የምትመጣ። ሦስተኛው የሁላችን ታላቅ ጋሽ በቀለ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሳያማትብ ሞተር አያስነሳም። አራተኛው ሙሳ ነው፣ ቀጭኑ፤ አፉ ከክላክሱ ይብሳል። ሰው እንጭናለን፣ ቡና እንጭናለን፣ ሙሽራ እንጭናለን፣ በሽተኛ እንጭናለን፤ አንዳንዴ ሁሉንም ባንድ ጉዞ።

የሁላችንም የዓመት ራስ ምታት ቦሎ ነበር። መርማሪው በዓመት አንድ ሰሞን ከተማችን ይመጣል፤ ፍሬን፣ መብራት፣ ክላክስ፣ የእሳት ማጥፊያ ያያል፣ ጎማ ያያል። ያላለፈች መኪና ቦሎ አትለጠፍላትም፤ ቦሎ የሌላትን መኪና ደግሞ ኬላው አያሳልፍም። ሌላው ሌላው በብልሃት ይሞላል፤ ጎማ ግን ጭንቅ ነበር፤ ያኔ በአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ በሬ ይገዛል። ታዲያ ምን አደረግን? አራታችን ዕቁብ ገብተን አራት አዲስ ጎማ ገዛን፤ ለቦሎ ብቻ! የምርመራው ሰሞን ሲመጣ ጎሚስታችን ሙሜ ጎማዎቹን ለአንዷ መኪና ያለብሳታል፤ እሷ ሄዳ ታልፍና በእህል በረንዳው ጀርባ አድርጋ ወደ ሙሜ ትመለሳለች፤ እዚያ ይወልቁና ለሚቀጥለዋ ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ ጎማዎቹ በጆንያ ተጠቅልለው ሙሜ አልጋ ሥር ይተኛሉ። ሚስቱ አዴ ፋጡማ በየጊዜው አውጥታ በጨርቅ እየወለወለች «ሙሽሮቼ» ትላቸው ነበር። እኛ በቀረው ቀን በላጨ ጎማ፣ በጸሎትና በዱአ ነበር የምንሄደው። መርማሪው አያውቅም ብለን እናምናለን። እኛ በጣም ብልጦች ነበርን፤ እሱ ደግሞ ብዙ የማይናገር፣ ጥላ የማይለየው፣ ቡናማ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነበር።

ጽጌ ያኔ መቻራ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች። ከተጋባን ጀምሮ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነን፤ ትዳራችን በላንድሮቨሯ ላይ የቆመ ነበር ብል አላጋነንኩም። የመጀመሪያው ፅንስ ከሆዷ ሳይቆይ ቀርቶብን በዝምታ አልቅሰናል። ሁለተኛውን ስታረግዝ ዝናቡ ሳይገባ ወደ እኔ መጥታ እዚሁ ጭሮ ሆስፒታል ልትወልድ ተስማማን። ሰው ያስባል፣ ዝናብ ይመጣል። የሚተካት አዋላጅ ዘገየ፣ ዝናቡ ቸኮለ። በዚያ መሐል የላንድሮቨሬ ቦሎ ጊዜው አለፈና ኬላው መለሰኝ፤ ብለምን፣ ብለምን፣ «ደንብ ነው» አሉኝ። አንድ ቀን በቅሎ ላይ እስከ ገለምሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና የመጣ የመቻራ ቡና ነጋዴ ቤቴ ድረስ መጣና፣ «ጽጌ ልካኝ ነው። ልጁ እግሩ ወደ ታች ነው፤ አልዞር ብሏል፤ ቶሎ ይምጣና ይውሰደኝ ብላሃለች» አለኝ። ጽጌ በሰው ላይ ሲደርስ ያየችውን ታውቃለች፤ በከንቱ የምትጣራ ሴት አይደለችም። ስንቷን አዋለደች፤ እሷን እዚያ ጭቃ ማዶ ማን ያዋልዳት? የሌሎቹም ቦሎ እንደ እኔው ጊዜው አልፎበት ስለነበር ሂድልኝ የምለው ሰው እንኳ አልነበረም።

ተስፋዬ ሁሉ መርማሪው ላይ ሆነ፤ በዚያው ሳምንት ይመጣልና። መጣም። ግን እንደ ሌላው ጊዜ አንድ አንድ መኪና ከመጥራት ይልቅ፣ «ነገ ጠዋት ሁሉም መኪና ሜዳው ላይ ባንድ ጊዜ ይሰለፍ» አለ። አመሻሹ ላይ ሙሜ ሱቅ ተሰበሰብን። ሙሽሮቹ ከአልጋ ሥር ወጥተው በመሐላችን ተኝተዋል። ኢብሮ ቀድሞ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ለተስፋዬ ይሁኑ፤ ሚስቱ ተይዛለች» አለ። እኔ ደግሞ የእሱን ችግር አውቃለሁ፤ በዚያ ዓመት ቡናቸውን ሊያወርድላቸው ከነጋዴዎች ጋር ተዋውሏል፤ ያ ካመለጠው ቶዮታዋን ማቆየት አይችልም። እንዴት አድርጌ እሺ ልበል? ጋሽ በቀለ ጢሙን እያሻሸ፣ «ቆይ እስቲ» አለ። «ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሾፌሩ በኩል ካለችው የፊት ጎማ ነው። አንድ ጊዜ በእግሩ መታ ያደርጋታል፤ ከዚያ የእሳት ማጥፊያ ይጠይቃል። የቀሩትን ሲነካ ያየ አለ?» ማንም አላየም። «ስለዚህ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ!» ሙሳ ተነስቶ እጁን አጨበጨበ፤ «የቀሩትን ሦስቱን ጭቃ እንለቀልቃቸዋለን፤ ክረምት አይደል!» አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አራት ጎልማሶችና አንድ ጎሚስታ በዚህ ሐሳብ ተደስተን ተቃቀፍን።

በማግሥቱ ሜዳው ላይ ተሰለፍን። አራት መኪና፣ በእያንዳንዷ የፊት ግራ አንድ ታጥባ የምታብረቀርቅ አዲስ ጎማ፤ የቀሩት ሦስቱ እስከ ቸርኬያቸው በጭቃ የተለሰኑ። መርማሪው ጥላውን ዘግቶ ከጋሽ በቀለ መኪና ጀመረ። የፊቷን ጎማ መታ አደረጋት። ወደ እኔ መጣ፤ መታ አደረጋት። ኢብሮ ጋ፣ ሙሳ ጋም እንዲሁ። ልቤ ልታልፍ ነው፣ ልታልፍ ነው ይለኛል። ከዚያ ወደ ኋላ ብዙ እርምጃ ሄደና አራቱን መኪኖች ባንድ ላይ ተመለከታቸው።

«እኔ የምለው» አለ በመጨረሻ፣ «እዚህ አገር ዝናቡ የሚዘንበው በሦስት ጎማ ላይ ብቻ ነው?»

መርማሪው ቀጠለ፣ «እነዚህን ጎማዎች እኮ አውቃቸዋለሁ። በየዓመቱ እንገናኛለን። አምና ከአንዷ መኪና ወርደው በሌላዋ ሲመጡ ሰላም ልላቸው ምንም አልቀረኝም። በሙሉ ለአንዷ ብታለብሷት ኖሮ አንዷ መኪና በወጉ ታልፍ ነበር። አሁን ግን አራቱም አንካሳ ናቸው።»

ጋሽ በቀለ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበው። «ጌታዬ፣ የዚህ ልጅ ሚስት መቻራ በወሊድ ተይዛለች። ያለ መኪና መድረሻ የለም» አለው።

«እኔ ጎማ ነው የጠየቅኩት» አለ ሰውዬው ፊቱ ሳይፈታ። «አራት ደህና ጎማ ያላትን መኪና አሳልፋለሁ፤ የሌላትን አላሳልፍም። እስከ እኩለ ቀን እዚያ ሻይ ቤት ነኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምጠጣው።» ጥላውን እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዘ ሄደ፤ እውነትም ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ።

አራታችን ተያየን። ኢብሮ ወደ ቶዮታው ሄደ፤ ክሪኩን ከሥሯ አስገባና የጎማዋን ዳዶዎች ይፈታ ጀመር። ያቺን አዲስ ጎማ ከነቸርኬዋ አውጥቶ ጭቃው ላይ እያንከባለለ ወደ እኔ መጣ። ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ጨቅይቷል።

«ያ ተስፋዬ፣ ምን ትገተራለህ፤ ክሪክህን አውጣ» አለኝ።

«ኢብሮ፣ ተው። ቡናውስ?»

«ቡናው ሲደርስ ይደርሳል። ልጅ ቀን አይጠብቅም» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ዘወር አድርጎ፣ «ሙሜ! ኮቱ፣ ና! ብረትህን ይዘህ ና!» ብሎ ተጣራ።

የሱን አይተው ጋሽ በቀለና ሙሳም የየራሳቸውን አንከባለሉ። የቶዮታውና የላንድሮቨሩ ቸርኬ ስለማይገጥም ሙሜ እያንዳንዱን ጎማ በብረት እየፈለቀቀ ወደ እኔ ቸርኬ ማዛወር ነበረበት። ነፋሱን በእጅ ፓምፕ ነው የሞላነው፤ ተራ በተራ፣ ላባችን ከዝናቡ ጋር እየተደባለቀ። ሙሳ ሲነፋ ይሳደባል፣ ጋሽ በቀለ ሲነፋ ቅዱሳንን ይጠራል፣ ኢብሮ ሲነፋ ዝም ይላል። የእኔዋን ወደ ቀኝ አሻገርናትና የኢብሮ ጎማ በቦታዋ፣ ከሾፌሩ በኩል የፊት ሆና ገባች፤ የጋሽ በቀለና የሙሳ ከኋላ። የሦስቱ መኪኖች አንድ አንድ እግር ድንጋይ ላይ ቀረ። መርማሪው በቀጠሮው መጣ፤ እንደ ገና ከፊት ግራ ጀምሮ፣ በዚህ ጊዜ ግን አራቱንም መታ መታ አደረገ። ፍሬኑን፣ መብራቱን አየ። ከዚያ ሙሜን ነጭ ቀለም አስመጥቶ በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ በጣቱ አንድ መስመር አሰመረ። «ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ ከዚህች መኪና አይወርዱም። ሌላ መኪና ላይ ነጭ መስመር ባይ የአራታችሁንም ታርጋ ነው የምፈታው» አለ። ቦሎዋን በገዛ እጁ ለጠፋት፤ ከመኪናዋ ሲወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሚስትህን ሰላም በልልኝ» አለኝ። ስሙን እንኳ ሳላውቀው ቀረሁ።

ኢብሮ አብሮኝ ገባ። ኬላው ቦሎዋን አይቶ ገመዱን ዝቅ አደረገ። ከገለምሶ ወዲያ ያለው ጭቃ ዓይኔ ላይ አለ፤ ኢብሮ ኮንጎውን አውልቆ ከፊቴ እየሄደ ጥልቀቱን በእንጨት ይለካል፣ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ያ ረቢ፣ ወደ ግራ አልኩ!» እያለ። በላጨ ጎማ ቢሆን ኖሮ ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ በቀረን። ያ አዲስ ጎማ ጭቃውን ሲነክስ መሪው እጄ ላይ ይሰማኛል። በዚያ ቀን ቴፑን የከፈተ የለም፣ ዳገትም ቁልቁለትም። መቻራ ስንደርስ ዘልዬ ወርጄ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሮጥኩ። ጽጌ ሆዷን ተሸክማ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ አልጋ አጠገብ ቆማለች። ዞራ አየችኝና ምን አለችኝ? «መጣህ? ትንሽ ጠብቅ፣ ይቺን ላዋልዳት።» በረንዳው ላይ ከኢብሮ ጋር ተቀምጠን ሳቅንና ለቅሶን ለየን ማለት አልችልም። የሕፃን ለቅሶ ከውስጥ ሲሰማ ጽጌ እጇን ታጥባ ወጣች፤ ቦርሳዋ ከበሩ ሥር ተዘጋጅታ ቆይታ ነበር።

ሐዊ የተወለደችው እዚህ ሆስፒታል፣ በቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ሁለቱንም አናገኛቸውም ነበር አለኝ። ስሟን ያወጣው ኢብሮ ነው፤ ምኞት ማለት ነው። ማን ይከለክለዋል?

የኢብሮ ቶዮታ ግን በዚያ ዓመት ቦሎ አላገኘችም፤ የቡናው ውል ሌላ ሰው ወሰደው። ሙሜ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ተኛባት፣ ልጆች መሪዋን እያሽከረከሩ ተጫወቱባት። በኋላ ሸጣት። ሞተሯ መሰላ አንድ ወፍጮ ቤት ገባ፤ ገላዋ የት እንደደረሰ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ላንድሮቨሯን ግማሹን ሳምንት እኔ፣ ግማሹን እሱ ነዳናት፤ ያገኘነውን ተካፍለን እስክታረጅ፣ እስክናረጅ። ወደ መሰላ ስንሄድ በዚያ ወፍጮ ቤት በኩል ስናልፍ «እስቲ ቀስ በል» ይለኛል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል፤ ሞተሯን በድምጿ ያውቃታል። «ደህና ናት» ይልና ወደ ወሬው ይመለሳል። ስለዚያ ጠዋት አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። «ለእኔ ብለህ ነው» የምትል ነገር ልናገር ስል ሁሌ ወሬ ይቀይርብኛል፤ በስተኋላ እኔም ተውኩት፤ ፍቅር ግን ተውኩት ቢሉት አይተውም።

ጎማዎቹ እስኪያልቁ ድረስ አንድ ልማድ ነበረን። ላንድሮቨሯ ከመንገድ ስትመለስ ጋሽ በቀለም፣ ሙሳም፣ ኢብሮም ካሉበት መጥተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጎማ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ድንጋይ ከገባባት ያወጣሉ፣ «ምነው የእኔዋን ጎዳሃት» ብለው ይቆጡኛል። ሐዊ እግር ተክላ መሄድ ስትጀምር ከእነሱ ኋላ እየዞረች፣ በዚያች ትንሽ መዳፏ ጎማዎቹን መታ መታ ታደርግ ነበር፤ የማን የማን እንደሆነ ፊደል ሳትቆጥር ነው የለየችው። ጋሽ በቀለ አርፏል፣ ነፍሱን ይማር። ሙሳ ድሬዳዋ ነው ይባላል፤ አፉ ከሱ ቀድሞ እንደማይሞት እርግጠኛ ነኝ። ሙሜም አዴ ፋጡማም የሉም።

«አባት፣ ተራችሁ ነው» አለ ወጣቱ። ሙዜ እጄ ላይ ጠቁሯል።

ሐዊ መኪናዋን ወደ በሩ አስጠጋች፤ የሰውም የመኪናም ከፈለች። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ሲያይ ኢብሮ በሩን ከፍቶ ወረደ። አንድ እጁን መኪናዋ ገላ ላይ አድርጎ ከኋላ ጀምሮ ዞረ። የኋላዋን ዳሰሳት፤ ጥርሷ ውስጥ ጣቱን ከተተ። ዞሮ ሌላዋን ዳሰሰ። ጽጌ እጄን ያዘችኝ።

«አራቱም አዲስ ናቸው» አለ ኢብሮ፣ እንደ መገረም ብሎ። «አራቱም የአንድ መኪና ናቸው?»

«አራቱም» አልኩት።

ወጣቱ ነገሩ ግራ ገባው። «አባት፣ የጠፋዎት ነገር አለ እንዴ?»

«የለም፣ ልጄ» አለ ኢብሮ እጁን እያንቀሳቀሰ፣ «የእኔዋን እየፈለግኩ ነው።»

ሐዊ ከመሪው ወርዳ መጣች። ያን ያረጀ እጁን ያዘችና በሾፌሩ በኩል ወዳለችው የፊት ጎማ ወስዳ አሳረፈችው።

«ያንተ ይቺ ናት፣ አዴራ» አለችው።

ኢብሮ መታ መታ አደረጋት።